በቫይረስ ስንታመም ሊምፎሳይቶች ከደም ወጥተው ወዴት ይሄዳሉ?

ጠያቂ፦ መምህር ዘደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጥያቄዬ ከራሴ ሕመም የተነሣ ነው፤ ይሁንና ተማሪዎቼም በየዓመቱ በተለያየ መልክ የሚያነሡትና እስካሁን በቅጡ ያልመለስኩላቸው ጉዳይ ስለሆነ፣ ሙያው ያላችሁ ሰዎች ጊዜ ወስዳችሁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ባለፈው ወር ትኩሳት፣ ቁርጥማትና ደረቅ ሳል ድንገት ያዘኝና በሦስተኛው ቀን ወደ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ደሜ ተመረመረ። በውጤቱ ወረቀት ላይ የነጭ የደም ሴሎቼ ቁጥር 4,100 ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ሊምፎሳይት የሚባሉት ግን በአንድ ማይክሮሊትር ደም 700 ብቻ እንደሆኑ፣ ከቁጥሩም አጠገብ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት እንዳለ አየሁ። ሐኪሙን ስጠይቀው «ቫይረስ ነው፤ ይመለሳል» ከማለት በቀር ለማብራራት ጊዜ አልነበረውም፤ ደጅ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበርና አልፈርድበትም። እንዳለውም ከዐሥር ቀን በኋላ ድጋሚ ስመረመር ቁጥሩ 2,100 ደርሶ ነበር። በመካከሉ ግን ከመንጋጋዬ ሥር ባቄላ የሚያህል ንፍፊት አብጦ፣ ምራቄን ስውጥ እንኳ ያመኝ ነበር።

ያልገባኝ ይህ ነው። ሊምፎሳይቶች ቫይረስን የሚከላከሉ ሴሎች እንደሆኑ እናስተምራለን። ታዲያ በሚፈለጉበት ሰዓት ቁጥራቸው መብዛት ሲገባው ለምን ያንሳል? ሞተው ነው ወይስ ሌላ ቦታ ሄደው? ሄደው ከሆነ፣ ዓይንም ጆሮም የሌለው ሴል የሚሄድበትን ቦታ በምን ያውቃል? ሕመሙ ደረቴ ላይ ሆኖ ሳለስ አንገቴ ለምን አበጠ?

መልስ፦ የላቦራቶሪው ሰው

መምህር፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት። በሆስፒታል ላቦራቶሪ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ እርስዎን ያሳሰበዎትን ያንን ቀስት በየቀኑ አየዋለሁ።

በቅድሚያ ማሽኑ ምን እንደሚቆጥር እንለይ። የሚቆጥረው ከክንድዎ በተቀዳው ደም ውስጥ በዚያች ደቂቃ ሲያልፉ የተገኙትን ሴሎች ብቻ ነው። በጤነኛ ሰው ሰውነት ካሉት ሊምፎሳይቶች ሁሉ በደም ውስጥ የሚገኙት ግን ከመቶ ሁለት ያህሉ ናቸው፤ የቀሩት በንፍፊቶች፣ በጣፊያ፣ በአጥንት መቅኔ፣ በአንጀት ግድግዳና በቆዳ ውስጥ ናቸው። ደም ለእነርሱ መተላለፊያ መንገድ ነው። መንገድ ላይ የሚታየው ሰው ስላነሰ የከተማው ሕዝብ አለቀ አይባልም፤ ገበያ ወጥቶ ሊሆን ይችላልና። በነገራችን ላይ በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ንፍፊት ወጣብኝ» የምንለው ሲያብጥ ብቻ ስለሆነ አዲስ የበቀለ ነገር ይመስለናል እንጂ፣ በሰው አካል ውስጥ ስድስት መቶ ያህል ንፍፊቶች ሁልጊዜም አሉ።

ሴሎቹ መንገደኞች መሆናቸው የታወቀው በሙከራ ነው። ጄምስ ጎዋንስ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ በኦክስፎርድ ከአይጦች ላይ ዋናውን የሊምፍ ቧንቧ፣ ማለትም ሊምፍ የሚባለውን ከሰውነት የተሰበሰበ ፈሳሽ ከአንገት ሥር ወዳለው ደም መልስ የሚያፈስሰውን መስመር፣ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ አስፈሰሰው። በቱቦው የሚወጡት ሊምፎሳይቶች ከቀን ወደ ቀን እየተመናመኑ ሄዱ። የወጡትን ሴሎች በደም ሥር መልሶ ሲሰጣቸው ግን ፍሰቱ እንደገና ሞላ። ከዚያም በጨረር ምልክት አድርጎባቸው ሲከታተል፣ ከደም ወደ ንፍፊት፣ ከንፍፊት ወደ ሊምፍ፣ ከሊምፍ ተመልሰው ወደ ደም እንደሚዞሩ አሳየ። ከዚያ በፊት ሊምፎሳይት ሥራው የማይታወቅ፣ ቶሎ የሚሞት ሴል ተደርጎ ይታይ ነበር። አንዲት ቀጭን ቱቦ የፈታችው እንቆቅልሽ ስለሆነ ለአዳዲስ ባልደረቦቼ ይህን ታሪክ ሳልነግራቸው አላልፍም።

በማይክሮስኮፕ የማየውንም ልንገርዎት። በሕመሙ ሦስተኛ ቀን የተወሰደ ደም በስላይድ ላይ ተቀብቶ፣ በጊምሳ ቀለም ተነክሮ ሲታይ፣ ሊምፎሳይት ለማግኘት ስላይዱን ብዙ ማንቀሳቀስ ግድ ይላል። የሚገኙትም ትንንሾች ናቸው፤ ድፍን ሐምራዊ አስኳል፣ ዙሪያውን ክር የምታህል ሰማያዊ ጠርዝ። ከሳምንት ከዐሥር ቀን በኋላ፣ በተለይም በኤፕስታይን ባር ቫይረስ በታመሙ ወጣቶች ደም ላይ፣ መልካቸው ሌላ ነው። ትልልቅ ይሆናሉ፤ ሰማያዊው ክፍላቸው ይሰፋል፤ አጠገባቸው ያለውን ቀይ የደም ሴል እንደ ለስላሳ ሊጥ ተለጥጠው ያቅፉታል፤ በሚነካኩበት ጠርዝ ላይም ሰማያዊው ይደምቃል። ወደ ንፍፊት የገባውና ከንፍፊት የወጣው ሴል በዓይን የሚለያዩ ሆነው ሳይ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ውጤት ስታነቡ ደግሞ ጥንቃቄ አድርጉ። ከመቶኛው ይልቅ ቁጥሩን ተመልከቱ፤ ኒውትሮፊል የሚባለው ሌላው ዓይነት ነጭ የደም ሴል ስለጨመረ ብቻ የሊምፎሳይት መቶኛ ዝቅ ሊል ይችላልና። ከምርመራው በፊት ዴክሳሜታሶን መርፌ የተወጋ ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊምፎሳይቱ ይወርዳል። በጤነኛ ሰውም ቢሆን ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ከፍ በሚልበት በጠዋት ቁጥሩ ከሌሊቱ ያነሰ ነው። እነዚህም ቢሆኑ በአብዛኛው የቦታ ለውጥ ናቸው።

መልስ፦ ትዕግሥት ዘኔዘርላንድ

ጋሼ የጻፉትን ሳነብ ሙያዬን እንደገና ወደድኩት። በሥርዓተ መከላከል ላይ የዶክትሬት ትምህርቴን እየተከታተልኩ ስለሆነ መምህሩ «በምን ያውቃል?» ያሉትን ልሞክር።

ቫይረሱ ሳንባ ሲገባ ሊምፎሳይቶች ከየአቅጣጫው ወደዚያ ይሮጣሉ ተብሎ ሲነገር ብዙ ጊዜ እንሰማለን። መጀመሪያ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ቲ ሴሎች ከሊምፎሳይት ዓይነቶች አንዱ ናቸው፤ ቫይረሱን ከዚህ ቀደም አግኝተው የማያውቁት ወደ ታመመው ሥጋ የመግባት ልማድ የላቸውም፤ ቢገቡም እምብዛም አይጠቅሙም፤ ምክንያቱም ለአንድ የተወሰነ የቫይረስ ቁራጭ የሚገጥም ተቀባይ ያለው ሴል ከመቶ ሺህ ምናልባትም ከሚሊዮን አንዱ ነው። ስለዚህ የቫይረሱ ናሙናና ያ አንድ ሴል የሚገናኙበት ቦታ ያስፈልጋል። ጋሼ የገበያን ነገር ስላነሡ እኔም ልቀጥልበት፦ ገዢ በየመንደሩ እየዞረ ሻጭ ሲፈልግ አይውልም፤ ሁለቱም ቅዳሜ ገበያ ይወጡና እዚያው ይገናኛሉ። ንፍፊት እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ናሙናውን ይዘው የሚመጡት ዴንድራይቲክ ሴሎች ናቸው። እነዚህን ሴሎች ራልፍ ስታይንማን ከዛንቪል ኮን ጋር በ1973 በኒውዮርክ ገለጻቸው፤ ለዚህም ስታይንማን በ2011 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው፣ ዜናው ከመነገሩ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ዐርፎ ነበር። በአየር ቧንቧ ሽፋን ሥር እጆቻቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ቫይረስ ሲያገኙ እጆቻቸውን ሰብስበው፣ ሲሲአር 7 የተባለ ተቀባይ በገጻቸው ላይ አውጥተው ይነሣሉ። የሊምፍ ቧንቧዎች ግድግዳ ሲሲኤል 21 የተባለ ኬሞካይን ያመነጫል፤ ሴሉም ይህ ንጥረ ነገር እየጠነከረ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሳባል። ቡና የሚቆላበትን ቤት በመዓዛው እንደምናገኘው ማለት ነው። በኢንፍሉዌንዛ በተያዙ አይጦች ብዙዎቹ ንፍፊት የሚደርሱት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። የመምህሩ አንገት ማበጡም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቫይረሱ ደረት ከመድረሱ በፊት በአፍንጫና በጉሮሮ ይራባል፣ የእነዚህ ቦታዎች ሊምፍ ደግሞ የሚፈስሰው ወደ አንገት ንፍፊቶች ነው። የሳንባው ሊምፍ የሚሄደው በደረት መካከል ወዳሉት ስለሆነ እነዚያ ቢያብጡም በእጅ አይዳሰሱም።

ሊምፎሳይቱ በበኩሉ ወደ ንፍፊቱ የሚመጣው በደም ነው። በንፍፊት ውስጥ ግድግዳቸው በወፋፍራም ሴሎች የተሠራ ልዩ ደቃቅ ደም መልሶች አሉ። ሊምፎሳይቱ በገጹ ላይ ባለው ኤል ሴሌክቲን ግድግዳውን ያዝ ለቀቅ እያደረገ፣ የደሙ ፍሰት እየገፋው ይንከባለላል። ሌላ ቦታ ቢሆን ተንከባሎ ያልፍ ነበር። እዚህ ግን ያው ሲሲኤል 21 ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይጠብቀዋልና እርሱን ሲነካ ኢንቴግሪን የሚባሉት መያዣዎቹ ወዲያውኑ ይጠብቁና ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያም ተጣቦ ወደ ውስጥ ይገባል። አንዱን ቦታ ከሌላው የሚለየው እንግዲህ የምልክቶቹ ጥምረት ነው፤ ሴሌክቲኑም፣ ኬሞካይኑም፣ የኢንቴግሪኑ መያዣም በአንድነት ካልተገኙ ሴሉ አይቆምም። ኢንቴግሪን በተፈጥሮ የጎደላቸው ሕፃናት አሉ፤ በእነርሱ ኒውትሮፊሎች በደም ውስጥ በገፍ እያሉ ወደ ቁስሉ መውጣት አይችሉም፣ እትብታቸውም ሳይወድቅ ለሳምንታት ይቆያል።

በ2002 ተመራማሪዎች ሕያው ቲ ሴሎችን በንፍፊት ውስጥ በሌዘር ማይክሮስኮፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ አዩ። በደቂቃ ወደ ዐሥር ማይክሮሜትር ይጓዛሉ፤ በሰዓት ሲሰላ ከግማሽ ሚሊሜትር ጥቂት ይበልጣል። አንድ ዴንድራይቲክ ሴል በሰዓት ውስጥ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቲ ሴሎች ይዳሰሳል። የሚገጥመውን ያላገኘ ቲ ሴል ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ቆይቶ ወጥቶ ወደ ሌላ ንፍፊት ይሄዳል።

ለመምህሩ 700 ትልቁ ምክንያት የሚመስለኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። መውጫውን በር የሚያሳየው ስፊንጎዚን አንድ ፎስፌት የተባለ ቅባት ነው፤ በደምና በሊምፍ ውስጥ ብዙ፣ በንፍፊቱ ሥጋ ውስጥ ግን ጥቂት ስለሆነ ሴሉ ወደሚበዛበት ይወጣል። በቫይረስ የተያዙ ሴሎች ኢንተርፌሮን ያመነጫሉ፤ ይህን ንጥረ ነገር አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን በ1957 ለንደን ውስጥ ነው ያገኙት። ኢንተርፌሮን ሲደርሰው ሊምፎሳይቱ ሲዲ 69 የተባለ ፕሮቲን ያወጣል፤ ይህም ፕሮቲን የመውጫውን ተቀባይ ይዞ ከሴሉ ገጽ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። መግቢያው እንደተከፈተ መውጫው ይዘጋል ማለት ነው። የሚገባው በዝቶ የሚወጣው ሲታገድ ንፍፊቱ ያብጣል፣ ደሙም ይመናመናል። መምህር፣ ከወረቀቱ ላይ የጎደሉት ሴሎች ከፊሎቹ ጣትዎ ሲዳስሰው በነበረው እብጠት ውስጥ ነበሩ።

ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ የገጠመለት ሴል በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ እየተከፈለ ይበዛል። የቀድሞውን የንፍፊት መግቢያ ምልክት ይጥልና ሲኤክስሲአር 3 የተባለ ሌላ ተቀባይ ያወጣል፤ የታመመው ሳንባ ደግሞ በኢንተርፌሮን ተገፋፍቶ የዚህን ተቀባይ ኬሞካይኖች ያመነጫል። ወደ ሳንባ የሚደረገው ጉዞ የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊሎችና ሞኖሳይቶች ስለሆኑ ስለ እነርሱ ብዙ አላልኩም።

መልስ፦ የሕፃናት ሐኪም

ማብራሪያው ግሩም ነው። እንደ ሐኪም ግን አንድ ማሳሰቢያ መጨመር ይገባኛል፦ የሊምፎሳይት ማነስ ሁሉ የቦታ ለውጥ አይደለም። በኤች.አይ.ቪ ሴሎቹ በእርግጥ ይሞታሉ፤ በከባድ የኮቪድ ሕሙማን ላይ የታየው ማነስም በቦታ ለውጥ ብቻ የሚገለጽ አይመስለኝም። ቁጥሩ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ያልተመለሰ ሰው ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ልናገርለት የምፈልገው ኩፍኝ ነው፤ ምክንያቱም ትዕግሥት የገለጸችውን መንገድ ቫይረሱ ራሱ ይጓዝበታል። የኩፍኝ ቫይረስ ሲዲ 150 የተባለውን ተቀባይ እንደሚጠቀም የጃፓን ተመራማሪዎች በ2000 አሳዩ፤ ይህ ተቀባይ የሚገኘው በመከላከያ ሴሎች ላይ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ በትንፋሽ ሲገባ በሳንባ ያሉትን ማክሮፌጆችና ዴንድራይቲክ ሴሎች ይይዛል፤ እነርሱም ወደ ንፍፊት ይወስዱታል፤ እዚያ ወደ ሊምፎሳይቶች ይተላለፍና እነርሱ በሚዞሩበት ሁሉ ይዞራል። መጨረሻ ላይ በአየር ቧንቧ ሽፋን ያሉትን ሴሎች ከሥራቸው በኩል፣ ኔክቲን 4 በተባለ ሌላ ተቀባይ ይገባባቸውና በሳል ወደ ሌላ ሰው ይወጣል። እናት ልጇን ይዛ ከመምጣቷ በፊት ባሉት ዐሥር ቀናት ገደማ፣ ምንም ምልክት ሳይታይ፣ ይህ ሁሉ ጉዞ ተፈጽሟል።

በልጁ ገጽ ላይ የምናየው ሽፍታ ደግሞ ቲ ሴሎች ቆዳ መድረሳቸውን የሚያሳይ ምልክት ነው። ከጆሮ ጀርባና ከፊት ጀምሮ ወደ ደረትና ወደ እግር ይወርዳል። ቲ ሴላቸው በጣም የተዳከመ ሕፃናት ሽፍታ ላይወጣባቸው ይችላል፤ ሳንባቸው ግን ክፉኛ ይታመማል። ስለዚህ «ሽፍታ አልወጣበትምና ቀሎለታል» ማለት ሁልጊዜ ትክክል አይሆንም። እኔም በጣም ለተጎዳ ሕፃን ሽፍታ አለመኖሩን እንደ መልካም ዜና ተቀብዬ የተሳሳትኩበት ጊዜ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደረቱን ሳላዳምጥ ወደ ቆዳው አልሄድም።

ቫይረሱ የሚይዛቸው ሊምፎሳይቶች የቀድሞ ሕመሞችን የሚያስታውሱትን ይጨምራሉ። የኦስትሪያው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ በ1908 በቲቢ የቆዳ ምርመራ ምላሽ ያሳዩ የነበሩ ሕፃናት ኩፍኝ ሲይዛቸው ምላሹ እንደሚጠፋ ጽፎ ነበር። በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ ክትባት ባልወሰዱ ሕፃናት ላይ ከኩፍኝ በኋላ ቀድሞ ካካበቷቸው ፀረ እንግዳ አካላት ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆኑት እንደጠፉ አሳይቷል። በአገራችን ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር የሚሰጥ ሆኖ ሳለ፣ በዘጠኝ ወር የመጀመሪያውን አስከትበው ሁለተኛውን የሚተዉ ወላጆች ሳይ በጣም አዝናለሁ።

መልስ፦ የላቦራቶሪው ሰው

ዶክተር ያሉት ልክ ነው፤ ኤች.አይ.ቪም በዚሁ መንገድ ነው የሚገባው። በአንዳንድ ቲ ሴሎች ገጽ ላይ ካለው ከሲዲ 4 ሌላ የሚጠቀምባቸው ሲሲአር 5 እና ሲኤክስሲአር 4፣ ሁለቱም የጉዞ ምልክት መቀበያዎች ናቸው። ይህም በ1996 ነው የታወቀው። በዚያው ዘመን ግድም በኢትዮጵያና በኔዘርላንድ የጋራ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአዲስ አበባ የተሠሩ ጥናቶች ቫይረሱ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ 4 ቁጥር ከኔዘርላንዳውያኑ ያነሰ መሆኑን አሳይተው ነበር። አንድን ቁጥር በሌላ አገር ሰው ልክ መለካት እንደማይገባ የተማርኩት ከዚያ ነው።

ጠያቂ፦ መምህር ዘደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ነገ ክፍል ውስጥ የምሥለውን ሥዕል ዛሬ ማታ ጀምሬዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። በሩን በመድኃኒት መዝጋት ይቻላል? ከዳንን በኋላስ የበዙት ሴሎች የት ይኖራሉ?

መልስ፦ ትዕግሥት ዘኔዘርላንድ

በሩን መዝጋት ይቻላል፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል። ፊንጎሊሞድ የተባለው መድኃኒት የመውጫውን ተቀባይ ከሴሉ ላይ ያጠፋዋል፤ ሊምፎሳይቶቹ ንፍፊት ውስጥ ስለሚቀሩ የራሳቸው መከላከያ አንጎላቸውን ለሚጎዳባቸው የመልቲፕል ስክሌሮሲስ ሕሙማን በአሜሪካ በ2010 ተፈቀደ። ናታሊዙማብ የሚባለው ደግሞ ሴሎቹ ወደ አንጎል እንዳይገቡ ኢንቴግሪኑን ይሸፍናል። በ2004 ተፈቅዶ ሳለ፣ ጥቂት ታካሚዎች ጄሲ በተባለ ቫይረስ ምክንያት ከባድ የአንጎል ሕመም ስለያዛቸው በ2005 ከገበያ ወጣ፤ በጥብቅ ክትትል እንዲሰጥ ሆኖ በ2006 ተመለሰ። ጄሲ ቫይረስ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ውስጥ ያለምንም ጉዳት የሚኖር ነው። ሴሎቹ ወደ አንጎል ሲመላለሱ ምን ሲከላከሉልን እንደነበር የታወቀው መንገዱ ሲዘጋ ነው።

ከዳንን በኋላ ከበዙት ሴሎች አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ የቀሩት የማስታወሻ ሴሎች ይሆናሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እንደ ቀድሞው በደምና በንፍፊት ይዞራሉ፤ ሌሎቹ ግን ቫይረሱን ባገኙበት ሥጋ ውስጥ ይቀራሉ፤ ወደ ደም ስለማይመለሱ በደም ምርመራ አይገኙም። በአዋቂ ሰው ቆዳ ውስጥ ብቻ ሃያ ቢሊዮን ያህል ቲ ሴሎች እንዳሉ ይገመታል፤ ይህም በደም ውስጥ ከሚዞሩት ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። በሳንባ የሚቀሩት በአይጦች ላይ እንደታየው በወራት ውስጥ እየተመናመኑ ይሄዳሉ። የቆዳዎቹ ግን ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ተማሪዎችዎ የሚያውቁትን ምሳሌ ከፈለጉ የከንፈር ምችን ያንሡላቸው፤ የሚያመጣው ሄርፐስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ እየቆየ ብዙ ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይመለሳል። በሄርፐስ ቆስሎ ከዳነ ቆዳ የተወሰዱ ናሙናዎች፣ ቁስሉ ከጠፋ ከሳምንታት በኋላም ቲ ሴሎች በዚያችው ቦታ፣ ቫይረሱ በሚወጣበት የነርቭ ጫፍ አጠገብ ተሰብስበው እንደሚገኙ አሳይተዋል።